ኮከብ ያለበት መስመር

ሰቆጣ ሊኑክስን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ድሮ ይህን በኩራት ነበር የማወራው። አሁን ወሬው ሲነሳ ርዕስ እቀይራለሁ።

ባሕር ዳር የኮምፒውተር ትምህርት ጨርሼ የተመለስኩት በዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ሦስት ሲዲና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስድስት ገጽ ወረቀት ነበረኝ። ሲዲዎቹ ሊኑክስ ናቸው፤ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ነፃ ፕሮግራም። ወረቀቱ ደግሞ የትኛው ዕቃ ከሊኑክስ ጋር እንደሚስማማ የሚዘረዝር ነው፤ ዲስኩ፣ የስክሪን ካርዱ፣ ፕሪንተሩ፣ ሁሉም በየስሙ ተጽፎ ከጎኑ «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ይላል። አንዳንዱ «ይሠራል» ላይ ትንሽ ኮከብ አለ፤ የኮከቡ ማብራሪያ ገጹ ግርጌ ላይ ነው። ያስተማረን ሰው ሲሰናበተን አደራ ያለን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አሮጌ ማሽን ከመንካታችሁ በፊት ወረቀቱን እዩ።»

የከተማችን ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ በእርዳታ የመጡ አራት አሮጌ ኮምፒውተሮች ነበሩ። ሦስቱ ሞተዋል። በአራተኛው የኔታ ይሠሩበት ነበር። የኔታ በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ፊደል ያስቆጠሩኝ ሰው ናቸው፤ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና ማስተማር ሲጀመር፣ መጻሕፍቱን በማዘጋጀት እንዲያግዙ ትምህርት ቤቱ ጠርቷቸው ነው። ታላቅ እኅታቸው የነገሯቸውን የኽምጣና ተረት፣ በአንድ ጣት ፊደል እየለቀሙ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ጽፈዋል። እኅታቸው የሚኖሩት ጋዝጊብላ ነው፤ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ። እንደሳቸው ተረት የሚያውቅ ሰው አልቀረም ይባል ነበር።

ማሽኑን ቫይረስ ጨርሶታል። ለመነሳት ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። የኔታ ፈሩ። «ልጄ፣ ይኸ ነገር አንድ ቀን የእኅቴን ቃል ይዞብኝ እንዳይሄድ» አሉኝ። እኔም ሊኑክስን ቫይረስ እንደማይደፍረው፣ ደካማ ማሽን ላይም እንደሚሮጥ አስረዳሁ። ጽሑፉን ሳልነካ ከጎኑ አስገባዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው።

የቀጠሮው ዕለት ዳይሬክተሩና ሁለት መምህራን ሊያዩ መጡ። የማሽኑን ሽፋን ፈታሁት። የኔታ ጎንበስ ብለው ውስጡን አዩና «ይስማማዋል?» አሉኝ።

ወረቀቱ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። እጄን ሰድጄ ነካሁት፤ ግን አላወጣሁትም። በየኔታ ግቢ ትምህርት በቃል ነው። ቃሉን ሲያስደግሙን ዓይኑን ወደ መጽሐፍ የሰረቀ ልጅ «ገና ነህ» ተብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከዱላው ይልቅ የሚያመው እሱ ነው። ከባሕር ዳር የመጣሁ አዋቂ ተብዬ፣ በእሳቸው ፊት ወረቀት ገልጬ ላነብ? ሞቼ ነው! ጽሑፉ የተቀመጠበትን ዲስክ ስም አየሁና እንደ ዳዊት በቃሌ ደገምኩት። «ይሠራል።» የኔታ ፊታቸው በራ። «ይኼ የኔ ተማሪ ነው» አሉ ለዳይሬክተሩ።

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። እኔ የየኔታን አጠብኩ።

«ይሠራል» የሚለውን አስታውሼ ኮከቡን ረስቼው ነበር። ዲስኩ በኋላ የተተካ፣ ለዚያ አሮጌ ማሽን ከአቅሙ በላይ የሆነ ነው። ሁለቱ የሚግባቡት ዲስኩ መጀመሪያ ላይ በተቀመጠች አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አስተርጓሚነት ነበር። ሊኑክስ ሲገባ መጀመሪያ እሷን ጠረጋት፣ ከዚያ ተረቶቹ በነበሩበት ቦታ ላይ ራሱን ጻፈበት። ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ስገልጥ ግርጌው ላይ «አስቀድመህ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጥ» ይላል። መገልበጫ የሚሆኑ ባዶ ፍሎፒዎች ያን ዕለት ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ።

የኔታ ግን ያኔውኑ፣ ዕቃ ቤቱ ሳለን ጽሑፉ አልታይ ሲላቸው፣ «ተረቶቹስ?» ብለውኝ ነበር። «አሉ፣ የኔታ። ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ፣ ይወጣሉ» ብያቸዋለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ እንደማይወጡ አወቅሁ። አልተናገርኩም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንደለበሱ ዕቃ ቤቱ ድረስ ይመጣሉ፤ እኔ ጥቁሩ ስክሪን ላይ የማይረባ ጽሑፍ እያስሮጥኩ እጠብቃቸዋለሁ። «ተገኘ?» ይሉኛል። «ተቃርቤያለሁ» እላለሁ። አንድ ቀን ደጃፉ ላይ ቆም ብለው «እኅቴ ዘንድ ልሂድና እንደገና ታውራኝ እንዴ?» አሉኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ምን ያደክምዎታል፣ ይወጣል እኮ» አልኳቸው። ለጉልበታቸው ያዘንኩ መስዬ ነው። እውነቱ ግን እሳቸው ከሄዱ የኔ ነገር አበቃለት ማለት ነበር። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ቃላት ሁሉ እነዚያን የሚያህል የሚያሳፍረኝ የለም።

እንዲህ እያልኩ አራት ወር አስጠበቅኋቸው።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል እኅታቸው ሞቱ። ለቅሶ ልደርስ ጋዝጊብላ ሄድኩ፤ ጠዋት ወጥቼ ለምሳ ደረስኩ። አንዲት ሴት ደረቷን እየመታች «ተረታችንን ይዘሽው ሄድሽ» እያለች በኽምጣና ታለቅሳለች። የኔታ እጃቸውን ዘርግተው ወደ እኔ አመለከቱ።

«አልሄደም» አሏት። «ሁሉም እዚህ ልጅ ዘንድ ተቀምጧል።»

ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አጠገቤ የነበሩ ባልቴት እጄን ይዘው ሳሙት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ምን አደረግሁ? ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

ለየኔታ እውነቱን የነገርኳቸው ከአርባው በኋላ ነው። ወረቀቱን አውጥቼ ኮከቡን በጣቴ አሳየኋቸው፤ ግርጌው ላይ ያለውንም ተረጎምኩላቸው። ጽሑፉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደሌለ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል፣ ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ።

«መጥፋቱስ ይሁን፤ ነገር ይጠፋል» አሉ። «ያን ቀን ብትነግረኝ ግን እሄድ ነበር። የግማሽ ቀን መንገድ እኮ ነው።»