የእማማ ታደሉ ጫማ ትል ሆነ

ዛሬ ዓሣ ላታልልበት የሠራሁትን የፕላስቲክ ትል የአከራዬ የእማማ ታደሉ አውራ ዶሮ ነጥቆኝ ሮጠ። ደግነቱ መንጠቆ አልሰካሁበትም ነበር።

ሰቆጣ ተመድቤ ከመጣሁ ወዲህ፣ ሲመቸኝ ተከዜ ወርጄ ዓሣ አጠምዳለሁ። የፕላስቲክ ትል እዚህ ስለማይሸጥ ራሴ እሠራለሁ። ፕላስቲክ አቅልጬ የማፈስበትን ያረጀ የጎማ ቅርጽ ማውጫ ከታትፌ ከአዲስ ሲሊኮን ጋር ደባልቄ እንደገና አበጀሁት። የሚቀልጥ ፕላስቲክ ደግሞ አጥር ሥር አገኘሁ፤ አንድ እግር ወይን ጠጅ ኮንጎ ጫማ።

አንድ እግር ጫማ ማን ይፈልጋል?

እማማ ታደሉ ይፈልጋሉ። ሌላኛው እግር ለካ ገበያ ውስጥ፣ ኮንጎ በጋለ ብረት የሚበይደው ሰውዬ ጋ ነበር።

የተበየደውን ጫማ አንጠልጥለው ሲገቡ፣ ዶሮው ትሉን እግራቸው ሥር ጣለው። ትሉን አዩ። ጫማውን አዩ። ከዚያ እኔን።

«ይሄን ቀለም አውቀዋለሁ» አሉ።

«እማማ፣ ዓሣ አመጣልዎታለሁ!»

«ዓሣህን ራስህ ብላው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን አዝለህ ታደርሰኛለህ።»

ቤተ ክርስቲያኑ አቀበት ላይ ነው። እማማም ወፈር ያሉ ናቸው።

የአከራያችሁን ዕቃ የተጣለ መስሏችሁ ያጠፋችሁ፣ እናንተስ ምን ተፈረደባችሁ? ከእኔ የባሰ ካለ ንገሩኝና ልጽናና።