ዘጠኝ ጥያቄዎች መኪና ውስጥ

ዛሬ ጠዋት የስቶቬን ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድሞ አገኘሁት። እዚህ አገር ብርድ ሲገባ ሰዓት ሁሉ አንድ ሰዓት ወደኋላ ይመለሳል፣ ማርች ላይ ደግሞ ወደ ቦታው። ስልኬ ሌሊት ራሱን ወደኋላ መልሷል፤ ስቶቩ ግን የነገረው ስለሌለ አሁንም በትናንቱ ሰዓት ላይ ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ በተከራየኋት ጠባብ አፓርትመንት በባዶ እግሬ ቆሜ አረንጓዴዎቹን ቁጥሮች ሳይ፣ ማሞቂያው ከመጋቢት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሳ። ሽታውን ታውቀዋለህ፤ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል። ያ ሽታ ሁልጊዜ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ይመልሰኛል፤ ወደ ሦስተኛው ፎቅ መስኮታችን፣ እናቴ ከመኪናዋ መውረድ ወዳቃታት ኅዳር።

ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ኤርፖርት ውስጥ መራመድ የማይችሉ መንገደኞችን በዊልቸር ትገፋ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ትመለሳለች። በሙቀቱ ወራት ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ይደርስ ነበር፤ ከእህቷ ጋር በስልክ እያወራች ነው ደረጃውን የምትወጣው። ጫማዋን ሳታወልቅ የቀኑን ወሬ ትጀምራለች። «አንዱ ሽማግሌ ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ከሚስቴ የተሻለ ትነጃለሽ አለኝ። ሚስትየው እኮ አጠገቡ ናት!»

ሰዓቱ ወደኋላ የተመለሰ ሳምንት ወሬው ቆመ። ቀጥሎ ስልኩ ቆመ፤ እህቷ ስትደውል «ተኝታለች በያት» ትለኛለች፣ ዓይኗ ፈጦ። ከዚያ የመኪናው ነገር መጣ።

በመስኮት እመለከታት ነበር። ቅጠሉ ካለቀበት ዛፍ ሥር ታቆማለች። ሞተሩ ይጠፋል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ በሩ ግን አይከፈትም። የመጀመሪያው ቀን ዐሥር ደቂቃ ቆጠርኩ። በሦስተኛው ሳምንት የመንገዱ መብራት በርቶ፣ ሰማዩ ጥቁር ሆኖ፣ እሷ ግን ቀበቶዋን እንኳ ሳትፈታ ተቀምጣ ነበር። ስትገባ «ትራፊክ ነበር» ትላለች። መኪናው ከዐሥር ሰዓት ጀምሮ ከመስኮታችን ሥር እንደቆመ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አባቴ አዳምስ ሞርጋን የሚገኝ ሬስቶራንት ውስጥ ያበስል ስለነበር ማታ ማታ ቤት የለም። ጠዋት ስነግረው ጫማውን እያሰረ «ዊንተር ነው» አለኝ። «ማንን ደስ ይለዋል? ማርች ሲገባ ይለቃታል።» የእናቴ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ መጣች። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ምንም ሳትጠይቅ፣ የእናቴን እግር ለረጅም ጊዜ አሸችላት። እናቴ ያን ሌሊት ሳትነቃ አደረች። ሁሉም በሚችለው ይወዳት ነበር። ጥፋቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ቤታችን ውስጥ የፎርም ሰው እኔ ነበርኩ። የትምህርት ቤቱን፣ የቤት ኪራዩን፣ የመኪናውን፣ ፖስታ ቤት ያመጣውን ሁሉ የምሞላው እኔ ነኝ። አባቴ ገና በልጅነቴ ያስተማረኝ ሕግ ነበር፤ «ፎርም ላይ ጣጣ የሚያመጣ መልስ አይጻፍም።» ዲቪ ደርሶን ስንመጣ እንደዚያ ነው የሞላነው። በሽታ አለ? የለም። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባችኋል? አልደረሰም። በዚያ መልስ ነው እዚህ የደረስነው።

እናቴ ለዓመታዊ ምርመራዋ ክሊኒክ ስትሄድ ለማስተርጎም አብሬያት ሄድኩ። ተራ ስንጠብቅ አንድ ወረቀት በእንጨት ሰሌዳ ላይ ሰጡን። ዘጠኝ ጥያቄዎች ነበሩበት። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንዲህ የተሰማዎት ስንት ቀን ነው፣ ይላል፤ ምንም፣ ጥቂት ቀናት፣ ከግማሽ በላይ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል።

«ሙዪው» አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

አነበብኩት። ስለ ማዘን፣ ስለ እንቅልፍ፣ ራስን ስለ መጥላት ይጠይቃል። እናቴን እንዲህ ብዬ የምጠይቅበት አፍ አልነበረኝም። አጠገባችን ደግሞ የሚያውቁን ሰዎች ተቀምጠዋል። እስክሪብቶውን አነሳሁና ዘጠኙንም «ምንም» ላይ ምልክት አደረግሁ። ነርሷ ወረቀቱን አይታ «ፐርፌክት» አለች።

«ምን አለች?» አለችኝ እናቴ።

«ጎበዝ ናት አለች።»

«ጎበዝ» አለች እናቴ፣ ለመስኮቱ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የታናሽ ወንድሜን ቦርሳ ስከፍት ሥዕል አገኘሁ። የመጀመሪያ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ቤተሰባችሁን ሣሉ ተብለው። አባቴ ድስት ይዟል፣ እኔ ወረቀት ይዣለሁ፣ እሱ ኳስ ይዟል። እናቴ ከእኛ ራቅ ብላ ሰማያዊ መኪና ውስጥ ናት። የመኪናው በር አልተሣለም። ቀና ስል ራሱ ወንድሜ ግንባሩን የመስኮቱ መስታወት ላይ ለጥፎ ወደ ታች ያያል። «ኢዝ ሺ ካሚንግ? ትመጣለች?» አለኝ፣ ዞር ሳይል።

ጃኬት ሳልደርብ ወረድኩ።

በሩን ከፍቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መኪናው የእጅ ማጽጃና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። ቀና ብላ አላየችኝም፤ ሁለታችንም የምናየው የፊቱን መስታወት ነበር። አሁን ሳስበው የረዳን ፊት ለፊት አለመተያየታችን ነው።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ በብርድ?» አለችኝ።

«እማ፣ ፎርሙን ዋሽቼ ነው የሞላሁት።»

ደነገጠች። «የቤቱን?»

«የሐኪሙን። ሳልጠይቅሽ ነው የሞላሁት።»

ትንፋሿን ለቀቀች። «ታዲያ ምን ይጠይቅ ነበር?»

ጥያቄዎቹን በእንግሊዝኛ አስታውሳቸዋለሁ፤ በአማርኛ ግን አንዳቸውንም ብዬ አላውቅም ነበር። ቃል እየፈለግሁ፣ እየጣልኩ፣ እያነሳሁ ጀመርኩ። «የምትወጅውን ነገር መሥራት ያስጠላሽ ስንት ቀን ነው?»

«የምወደው ምን ነበር?» አለች። ቀጥላ፣ ቀስ ብላ፣ «ሁሉንም ቀን።»

«እንቅልፍ ያጣሽውስ?»

«ሌሊት ሌሊት ብርድ ልብስ ማን የሚያለብስሽ ይመስልሻል?»

ሌሎቹንም አንድ በአንድ ጠየቅኳት። «ሐሳብሽ የሚበታተንብሽስ?»

«ትናንት አንዷን ሴትዮ የሌላ አውሮፕላን ጌት ወሰድኳት። ከዚያማ ሮጥን።» ከንፈሯ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። «እኔ ሮጥኩ። እሷማ ተቀምጣለች።»

ሳቅን። የመስታወቱ ግማሽ በትንፋሻችን ተሸፈነ። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የቀረው አንድ ጥያቄ ስለነበር ይሆናል። ዘጠነኛውን በየትኛውም ቋንቋ ማለት አልፈለግሁም።

«እማ፣ ባልኖርኩ ብለሽ ታውቂያለሽ?»

እጇ ከመሪው ላይ ወርዶ እጄን ያዘው። ቀዝቃዛ ነበር። «ይመጣል» አለች። «ይመጣና እናንተን ሳይ ይሄዳል። ሰሞኑን ግን ቶሎ አይሄድም።» ቀጥላም፣ አንድ ነገር እንደ ሰረቀች ሁሉ፣ «ለአባትሽ እንዳትነግሪ» አለች።

ነገርኩት። እጇን ሳልለቅ ይዣት ወጣሁና ደወልኩለት። ሽርጡን ሳያወልቅ መጣ። ሁለታችን ኩሽና ቆመን፣ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ፣ «ይሄ መዝገብ ላይ ገብቶ ኤርፖርት የምትገባበትን የሥራ ባጅ ቢነጥቋትስ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«እሷን ብናጣትስ?» አልኩት።

ሌሊቱን አጠገቧ ወንበር ላይ ተቀምጦ አደረ። በማግስቱ ክሊኒኩ ገና ሲከፈት ራሱ ደወለ፤ ከምግብ ስም ሌላ ብዙም በማያውቀው እንግሊዝኛ፣ መስመር ላይ የሚያስጠብቁበትን ሙዚቃ እየሰማ፣ ሳይዘጋ። እኔ ላናግር ስል በእጁ ከለከለኝ። «ማይ ዋይፍ» ሲል ሰማሁት። «ፕሊስ። ቱደይ።»

በዚያው ቀን ሄድን። ሐኪሟ በስልክ አማርኛ ተናጋሪ አስተርጓሚ አስገባች፤ እኔን ደግሞ ውጪ ጠብቂ አለችኝ። እዚያ ወንበር ላይ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት፤ ከማስተርጎም ሥራዬ የተባረርኩም ያረፍኩም መስሎኝ። እናቴ ስትወጣ ዘጠኙ ጥያቄዎች ያሉበት ወረቀት በእጇ ነበር። ምልክቶቹ የእሷ ነበሩ፤ እስክሪብቶውን ተጭና ነው የጻፈችው።

መድኃኒት ጀመረች። በየሳምንቱ የምታወራት አማካሪ ሴት አገኘች። በምሳ ሰዓቷ ከሕንፃው ወጥታ ቀን ብርሃን ላይ እንድትሄድ ታዘዘች፤ ትጠላው ነበር፤ ሄደች። ባጇንም የነጠቃት የለም። ያኔም የስቶቫችንን ሰዓት ማንም አልመለሰውም ነበር፤ ማርች ላይ ጊዜው ራሱ መጥቶ ደረሰበት። እናቴ እንደ ስቶቩ አልነበረችም። ማርች መጣ፣ ዛፎቹም አበቡ፣ እሷ ገና በግማሽ መንገድ ላይ ነበረች። ሳቋ ደረጃው ላይ ቀድሟት የደረሰው በሰኔ ነው። እንደ ድሮው የሚጮህ አልነበረም። ያኛውን ሳቅ ዳግመኛ አልሰማሁትም፤ ይሄኛውን ግን ወደድኩት።

ስለ ስቶቩ ሰዓት ይህን እያሰብኩ ሳለ ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት፤ በየዓመቱ በዚህ እሑድ ትደውላለች።

«ሰዓትሽን መለስሽ?» አለችኝ።

«ስልኩ ራሱ መለሰው።»

«ስቶቩስ?»

«እ... አይ።»

ከዚያ የእኛ ቤት ጥያቄ መጣ፤ ያለ መግቢያ፣ ያለ ማብራሪያ። «ስንት ቀን?»

ማጠቢያው ውስጥ የከረሙትን ሳህኖች አየሁ። ከጥቅምት መግቢያ ጀምሮ ያልተከፈተውን ደብተሬን አየሁ። «ምንም» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ልጅ ሆኜ የተማርኩት መልስ ነው።

«ስምንት» አልኳት።

በስልኩ ውስጥ የመኪና ቁልፏን ድምፅ ሰማሁ። «እንግዲያው ጫማሽን አድርጊ የኔ እናት፤ ወንዙ ዳር እንሄዳለን። ቀኑ አጥሯል፣ ብርሃን ሳይሄድብን።»

ጫማዬን አድርጌ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ጥቂት ቆይቶ መኪናዋ መጥቶ ከታች ቆመ። ሞተሩ ጠፋ። እንደ ድሮዬ መቁጠር ጀመርኩ።

ሁለት ሳልል በሩ ተከፈተ።