ዳቦ እየጋገርኩ ዳቦ የተውኩባቸው ዓመታት

ሚዛን ተፈሪ መናኸሪያው አጠገብ ባለቤቴና እኔ ለብዙ ዓመታት ሻይ ቤት ነበረን። እሱ ሻይ እያፈላ ያስተናግዳል፤ እኔ ከጓዳ ሆኜ ዳቦ፣ ፓስቲና ቦምቦሊኖ እሠራለሁ። ወደ ቴፒ፣ ወደ ጅማ ወይም ወደ ቱም የሚሄድ መንገደኛ መኪናው እስኪሞላ የሚቆየው እኛ ጋ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል ድካሙ ሲጀምረኝ በሽታ ነው ብዬ አላሰብኩም፤ ሥራ ነው አልኩ። ውኃ ጥሙን የእሳቱ ሙቀት ነው አልኩ። ሽንት ሲያመላልሰኝ ደግሞ ከጠጣሁት ውኃ ነው አልኩ። ለሁሉም ምክንያት ነበረኝ።

አንድ ቀን የፓስቲ ዘይት ተፈናጥሮ ግራ ክንዴን አቃጠለኝ። እንዲህ ያለ ቃጠሎ ለእኔ ብርቅ አልነበረም፤ በሳምንት ይደርቃል። ያኛው ግን ወር አልፎት መግል ያዘ። ባለቤቴ አንድ ጠዋት ቁስሉን አየና የሻይ ቤቱን በር ዘግቶ ሆስፒታል ወሰደኝ።

ጣቴን ወግታ ደሜን የለካችው ለጡረታ የተቃረበች ነርስ ነበረች። ሰው ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት። ቁጥሩን አየችና መነጽሯን አወለቀች።

"ስኳር ነው" አለችኝ። "ሐኪሙ ክኒን ያዝልሻል። ክኒኑ ብቻውን ግን አያድንሽም። ምንድን ነው የምትበዪው?"

ነገርኳት። ጠዋት የመጀመሪያውን ዳቦ የምቀምሰው እኔ ነኝ። ሻዬ አራት ማንኪያ ስኳር አለው። ምሳ እንጀራ፣ እራት ጎደሬ ወይም ቆጮ፣ በመሀል ሙዝ፤ ሲደክመኝ ደግሞ ቦምቦሊኖ።

"ይኼ ሁሉ ሆድሽ ሲገባ ስኳር ነው" አለች። "ጣፈጠም አልጣፈጠም። እሱን ቀንሺ።"

"ሲስተር፣ እኔ እኮ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ።"

"ጋግሪው፤ አትብዪው" አለችና ቀጣዩን በሽተኛ ጠራች። ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ ነበረ። አልቀየምኳትም፤ እሷም ደክሟት ነበር።

ቤት ስገባ የደነገጠ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። ሁሉንም በአንድ ቀን ተውኩ። እንጀራ የለም፣ ጎደሬ የለም፣ ዳቦ የለም። በምትኩ ምን እንደምበላ ግን አላሰብኩም። ጎመን በጨው ቀቅዬ ጥቂት ጎረስኩ፤ ክኒኑን እንደታዘዘው ዋጥኩ። ሁለት ቀን እንዲህ ቆየሁ። ራሴን ይፈልጠኛል፣ ሰው ሲያናግረኝ ያናድደኛል፤ እኔ ግን መዳን ማለት ይኼ ነው ብዬ ቻልኩት።

በሦስተኛው ቀን ቴፒ የባለቤቴ አጎት ዐርፈው ለለቅሶ ስንሄድ ሚኒባስ ውስጥ ላቤ ይወርድ ጀመር። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኔ ጨለመ። ባለቤቴ ሲጠራኝ ይሰማኛል፤ አፌ ግን አልታዘዝ አለ። ረዳቱ "ጠጥታለች እንዴ?" ሲል ሰማሁት። ከፊቴ ሙዝ በጆንያ ይዛ የተቀመጠች ገበሬ ሴት ዞር ብላ አየችኝ፤ ምንም ሳትጠይቅ አንድ ሙዝ ልጣ አፌ ውስጥ ከተተችልኝ። ሁለተኛውን ከጨረስኩ በኋላ ዓለም ተመለሰች። ሴትዮዋን በወጉ አላመሰገንኳትም፤ እያለቀስኩ ነበር።

በማግስቱ ሲስተር ጋ ሄድኩ። ታሪኩን ስነግራት ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ቸኩዬ ነው የላክሁሽ" አለች። "ስሚኝ። ክኒኑ ስኳርሽን ያወርዳል። ምግቡንም ስትቀንሺ ያወርዳል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ጣሉሽ። ሳህንሽን ከመለወጥሽ በፊት ለእኛ ትነግሪያለሽ፤ ሐኪሙ ክኒኑን ያስተካክላል። ከአሁን በኋላ ከቤት ስትወጪ ከረሜላ ቦርሳሽ ውስጥ አይጥፋ፤ የሚጣፍጥሽ ሳይሆን የሚያነሳሽ ነው። ደግሞ ቀንሺ አልኩሽ እንጂ ተራቢ አላልኩሽም።"

ሐኪሙ ክኒኑን በግማሽ ቀነሰልኝ። ዛሬ ማንም ሰው ምግቡን ሊቀንስ ፈልጎ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው፦ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ በራስህ አትጀምር፤ ለሐኪምህ ንገር።

የቀረውን ያስተማረችኝ ጎረቤቴ ናት። ከጅማ አካባቢ የመጡ ሙስሊም ቤተሰብ ናቸው፤ ከሻይ ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ እህልና ቅመማቅመም ይሸጣሉ። ባሏ ስኳር ከያዘው ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር፤ እኔ ግን ታማሚ መሆኑን እንኳን አላውቅም ነበር። ሰምታ መጣች። በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ሊጥ እያየሁ አገኘችኝ።

"እህቴ፣ ለዳቦ ነው የምታለቅሺው?"

"ለዳቦም ለራሴም" አልኳት።

"አልቅሺና ተነሺ። እኔም ያንን ባሌን ምግቡን ስቀይርበት ሳህን ይወረውር ነበር።"

በማግስቱ ስድስት እንቁላል ይዛ መጣች። ሥጋ አንለዋወጥም፤ የእነሱ ለእነሱ የእኛ ለእኛ ነው። እንቁላልና አትክልት ግን በመካከላችን ሲመላለስ ኖሯል። "ሊጥ ሳትነኪ በፊት ሁለቱን ብዪ" አለችኝ። "የጠገበ ሰው ዳቦን ያየዋል እንጂ አይሰርቀውም።" እውነቷን ነበር። ባዶ ሆዴን የገባሁበት ጠዋት ሁሉ ተሸንፌአለሁ፤ እንቁላል በልቼ የገባሁበት ጠዋት ግን ቢያንስ እስከ ረፋድ እቆማለሁ።

ሳህኔን ቀየረችው፤ ትልቁን አንስታ ትንሽ ሰጠችኝ። ጎመኑ፣ አይቡ፣ ሥጋው ወይም እንቁላሉ መጀመሪያ ይቀመጣል። እንጀራው መዳፍ የምታህል ተቆርሳ ከጎን ትቀመጣለች፤ የቀረው ገበታው ላይ አይታይም። "እያየሽው አትታገዪ፤ አስነሺው" ትላለች። ለሻዩ ደግሞ አንድ ማንኪያ ስኳር ቀንሼ እስክለምደው ጠበቅሁ፤ ከዚያ ሌላውን ቀነስኩ። ሁለት ወር ፈጀብኝ። መሀል ላይ በሻዩ ፈንታ ጨሞ የሚባለውን የቡና ቅጠል መጠጥ ያዝኩ፤ ዝንጅብሉና ቃሪያው ጉሮሮዬን ሲይዘው ስኳሩን ያስረሳኛል። በመጀመሪያው ሳምንት የራስ ምታት ሲመለስብኝም መረቅ በጨው ጠጪ አለችኝ፤ ደም ግፊት እንደሌለብኝ አስቀድማ ጠይቃ ነው።

አቮካዶ እኛ አገር ዛፍ ሥር ወድቆ ይበሰብሳል። ስኳር ተጨምሮበት ተፈጭቶ ካልሆነ ማን ይበላው ነበር? እሷ ግን ሎሚና ሚጥሚጣ ጨምራ በማንኪያ አበላችኝ። መጀመሪያ ሳሙና የበላሁ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን የእኔ ምሳ ሆነ።

ይህ ሁሉ ሲነገር ቀላል ይመስላል። አልነበረም። ገና ሳይነጋ አቦካለሁ፣ እጋግራለሁ፣ ሽታው ልብሴ ውስጥ ገብቶ ቤተክርስቲያን ድረስ ይከተለኛል። ደንበኞች "የራስሽን ዳቦ የማትበዪው ምን ጨምረሽበት ነው?" ይላሉ፤ ሲስቁ እስቃለሁ። በቀን ሃያ ጊዜ ለሃያ ሰው ማስረዳት ግን ከጋገራው ይበልጥ ያደክማል። በኋላ አሳጠርኩት፤ "ሐኪም ከልክሎኛል" እላለሁ፣ በቃ። ለሁሉም ሰው ሙሉውን ታሪክ መንገር ግዴታ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ግን መክሳቴ ነው። ያን ጊዜ ሰው ሲከሳ የሚታሰበው አንድ በሽታ ብቻ ነበር። ቀሚሴ ሲሰፋኝ ሰዎች ድምፃቸውን ቀነሱ። ሁለት የቤተክርስቲያን እህቶች ሊጸልዩልኝ ቤቴ መጡ፤ ሲሄዱ ያቀረብኩላቸው ብርጭቆ እንዳለ ነበር፤ አልነኩትም። ባለቤቴም ሰማ። አንድ ከሰዓት ደንበኛ ሳይኖር ዳቦ በሳህን አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠ።

"ትንሽ ብዪ" አለኝ። "እባክሽ። ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ።"

"አንተስ ምን ትላለህ?"

ሳህኑን አንስቶ ሄደ። ሦስት ቀን ከሥራ ነገር በቀር አልተነጋገርንም። በአራተኛው ቀን ክትትሌ ነበረ፤ ሳልጠይቀው አብሮኝ መጣ። ሲስተር ቁጥሩን ስታነብ፣ ከበፊቱ ምን ያህል እንደወረደ ስታሳየው፣ የክንዴን ጠባሳ በጣቱ ነካው። ቁስሉ መድረቁን እንኳ እስከዚያ ቀን ልብ አላለውም። ከዚያ በኋላ ደንበኛ ሲጠይቅ እሱ ነው የሚመልሰው። ረጅሙን ታሪክ የሚናገረውም እሱ ሆነ፤ እኔ ዐረፍኩ።

ጌጫ ያሉትን አማቴን ልንጠይቅ የሄድነው በዚያው ዓመት ነው። ደጋ ነው፣ ይበርዳል፣ ሰውም በምግብ ነው የሚወድህ። አማቴ አማርኛ እንደልባቸው አይናገሩም፤ ባለቤቴ መሀል ሆኖ ያስተረጉማል። ትኩስ ቆጮ ከማር ጋር አቀረቡ። ማሩ ከጫካ የተቆረጠ ነጭ ማር ነው፣ ለእኔ ብለው ያስቀመጡት። ከቆጮው ትንሽ ቆርሼ ጎረስኩና እጄን ሰበሰብኩ።

ማስተርጎም ሳያስፈልጋቸው በአማርኛ ጠየቁኝ። "ልጄ፣ ቤቴን ናቅሽ?"

"አልናቅሁም እማዬ። ስኳር ይዞኛል። ይኼ ሁሉ እኔን ያሳምመኛል።" ጠባሳዬን አሳየኋቸው። ጫማዬን አውልቄ በስኳሩ የደነዘዘውን እግሬንም አሳየኋቸው፤ ሲነኩኝ የማይሰማኝን ቦታ በእጃቸው አስያዝኳቸው።

እግሬን አልለቀቁም። ከዚያ በቋንቋቸው ለልጃቸው ረጅም ነገር ነገሩት። እሱም ቀስ ብሎ ነገረኝ። ከዓመታት በፊት ስለሞተው ወንድማቸው ነበር። ውኃ አልጠግብ ብሎ ከሳ፤ የእግር ጣቱን እንቅፋት መታው፤ እግሩ ጠቆረ። ሆስፒታል ሲደርስ ቆረጡት፤ ብዙም አልቆየም። ሰው መተት ነው አለ። የጎረቤት ሰው ተጠርጥሮ እስከ ዛሬ ሁለቱ ቤተሰብ አይነጋገርም።

"ይኼ ነው?" አሉኝ አማቴ፣ እግሬን እንደያዙ። "ይኼ ነበር?"

እኔ ሐኪም አይደለሁም። "ሊሆን ይችላል እማዬ" አልኳቸው።

ተነሥተው ወጡ። ጓሮ ጎመን ሲቀነጥሱ በበሩ ይታዩኛል፤ አንዳንዴ ቆም ይሉና ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ያነሳሉ። ጎመኑን በቅቤ ሠርተው አይብ ጨምረው አመጡልኝ፤ ማሩን ራሳቸው አነሡት። ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር ሳልናገር ለብቻዬ ይሠሩልኛል። ከዚያ ቀን በኋላም ከእነዚያ ጎረቤቶች ደጅ ሄደው ነበር። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሰላምታ ግን ተጀምሯል ብሎ ባለቤቴ ነገረኝ።

ወድቄ አላውቅም ብል እዋሻለሁ። አንድ የክረምት ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ምንም የተለየ ነገር ሳይኖር ስድስት ቦምቦሊኖ ቆሜ በላሁ። ስጨርስ እጄ ዘይት በዘይት ሆኖ አፈርኩ። ሁሉም ነገር ተበላሽቷል፣ እንግዲህ ምን ቀረኝ ብዬ ለጎረቤቴ ነገርኳት።

"እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ ነው ራስሽን የጠበቅሽው?"

"ሰባት ወር።"

"ዛሬስ ለምን ያህል ጊዜ በላሽ?"

"ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።"

"ታዲያ ሰባት ወሩን ማን ወሰደብሽ? ነገ ጠዋት እንቁላልሽን ብዪ። አለቀ" አለችና ወደ ሱቋ ተመለሰች።

እንዲህ ነው የቆየሁት። ክኒኑ ቀነሰልኝ እንጂ አልተወኝም። የእግሬ መደንዘዝ አልጠፋም፤ እየተጠነቀቅሁ እሄዳለሁ፣ በየቀኑ እያገላበጥኩ አየዋለሁ። ጋገራውን በኋላ ለባለቤቴ የእህት ልጅ አስረከብኩ፤ ጉልበቱም አልነበረኝ። ሰዎች ጠንካራ ነሽ ይሉኛል። ጠንካራ አይደለሁም፤ የደከመኝ ሰው ነኝ፤ ደክሞኝም ሳህኔን አስተካክላለሁ።

በቅርቡ አንዲት ወጣት አስተማሪ ሰው ጠቁሟት መጣች። ስኳር መሆኑ ከተነገራት ሳምንቷ ነው። ከትላንት ጀምሮ ምንም እንዳልበላች ፊቷ ይናገራል።

"እትዬ፣ መቼ ነው የምለምደው?" አለችኝ።

"ሻዩን በሁለት ወር ትለምጂዋለሽ። እንጀራው ይቆያል። የሰው ወሬ አይለመድም፤ ግን መልስ ማሳጠር ትማሪያለሽ።"

"እርስዎ አይሰለችዎትም?"

"በጣም እንጂ" አልኳት። "ክኒን ጀምረሻል?"

"ጀምሬአለሁ።"

"ምግብ እንደተውሽ ለሐኪምሽ ነግረሻል?"

አልነገረችም። ተቀምጠን ምክር የምናወራበት ሰዓት አልነበረም። ሁለት እንቁላል ጠብሼ ከአንዲት ቁራሽ ዳቦ ጋር አቀረብኩላት፤ ዳቦዋን አይታ አየችኝ።

"ዛሬ ብዪያት" አልኳት። "ሐኪምሽ ጋ እስክንደርስ።"

በላች። ከዚያ ባጃጅ ጠርተን አብረን ወደ ሆስፒታል ሄድን።