የጥፍር ቀለም የተቀባው ክንፍ

ልጄ ሳሎን ተቀምጣ ጥፍሯን ስትቀባ፣ ሽታው በሰማንያዎቹ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ሰፈር ወደነበረው አፓርታማችን መለሰኝ።

ከላያችን የሚኖረው ጋሼ አገር ቤት የአውሮፕላን መካኒክ ነበር፤ እዚህ ግን የሰው መኪና ፓርክ እያደረገ ነበር የሚተዳደረው። አንድ እሑድ ከቀርከሃና ከአሮጌ ነጠላ የሠራትን ትንሽ አውሮፕላን ይዞ መጣና እናቴን የጥፍር ቀለም ለመናት። ክንፏን ሲቀባው ጨርቁ እንደ ከበሮ ተወጠረ።

አሠራሯን ያየው አንድ አሮጌ መጽሐፍ ላይ ነው። ፎቶው ላይ አንድ እንግሊዛዊ ብስክሌት ጠጋኝ፣ ጓሮው ውስጥ በገዛ እጁ ከሠራት አውሮፕላን አጠገብ ቆሟል። ከሥሩ ስሙ አልታወቀም ይላል።

«በረረ?» አልኩት።

«ትንሽ ተነሳና አጥር ላይ ወደቀ።»

«ሶ፣ ለምን የሱን ትሠራለህ?»

«የታወቁትንማ ሁሉም ያውቃቸዋል» አለ፣ መቀባቱን ሳያቆም። «ይኼን ግን ማን ያስበዋል?»

አልገባኝም። ክንፏን እፍ እያልኩ አደረቅኩለት።

በዓመቱ ሎንግ ቢች ከተማ ሥራ አገኘና አውሮፕላኗን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ።

«ማን ነው የሠራት?» አለች ልጄ፣ መደርደሪያው ላይ ያለችውን አውሮፕላን እያየች።

«ጋሼ።»

«ጋሼ ማን?»

ቤታችን ውስጥ ሁሉም ጋሼ ብቻ ነበር የሚለው። ስሙን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።