የኦቦ ገመቹ ስም አልባ ልኮች

መምህሬ ኦቦ ገመቹ ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ቡራዩ ውስጥ በእጃቸው ያልተለካ ሰው ጥቂት ስለሆነ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ልብስ ስፌት ያስተማሩኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው የሠራሁት እሳቸው ናቸው። አዝኛለሁ። ተናድጄባቸዋለሁም፤ ሁለቱንም አልደብቅም።

የስልኩ ጣጣ የመጣው ዓይናቸው ደክሞ የልክ ደብተራቸውን ማንበብ ሲያቅታቸው ነው። ዘመናዊ ስልክ ገዛሁላቸው፣ ቴሌግራም ከፈትኩላቸው። ከሰበታና ከሱሉልታ ሳይቀር ሰው ልኩን እየላከ ያዝዝ ጀመር። ደስ ሊላቸው አይገባም? እሳቸው ግን ለላኪው ሁሉ ደውለው «ና፣ ልይህ!» ይላሉ።

«ኦቦ፣ ልኩን እኮ ልኮልዎታል!»

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቁጥሩ ትከሻው መጉበጡን አይነግረኝም።»

አንዱ ምስኪን ሁለት ታክሲ ቀይሮ ከሱሉልታ መጣ። ትከሻው እውነትም ጎብጧል። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ልክ እንዲጽፉ ወር ሙሉ አስተማርኳቸው። አንድ ጠዋት የድምፅ መቅጃውን አገኙትና ትምህርቱ እዚያው አበቃ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ በወጣ ቁጥር ስልኩን አፋቸው ሥር ደቅነው ያንሾካሹካሉ። «ስሙንም ይናገሩ እንጂ!» እላለሁ። «እሺ» ይላሉ። እሺ ማለትማ ማን ብሏቸው!

ሲያርፉ ለበዓል የታዘዘ ሠላሳ ልብስ ገና ሳይቆረጥ ቀረ። ካላደረስኩ ያ ሁሉ ዘመን የገነቡት እምነት በእኔ እጅ ሊፈርስ ነው። ስልኩን ከፈትኩት። አንድም ስም የለም!

«ልጇ ፈተና ያለፈላት፤ ደረት ዘጠና ስድስት። ደስታ እያወፈራት ነው፣ ሁለት ጨምሪ።»

«ከፋብሪካ የተቀነሰው፤ ወገብ ሰባ ስምንት። ኪሱን ጠለቅ አድርጊለት፤ እጁን የሚደብቅበት አጥቷል።»

ለራሳቸው የሚይዙት ማስታወሻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሁሉንም የቀዱት ለእኔ ነው። ታዲያ ስም ቢጠሩልኝ ምን ነበረበት? እየተነጫነጭኩ ስልኩ ውስጥ ባሉት ቁጥሮች ደውዬ ደንበኞቹን ሁሉ ሱቅ ጠራሁ። የምቆርጠው የማንን ልብስ እንደሆነ ለማወቅ እያንዳንዱን ፊት ለፊት አቁሜ አየሁት፣ ቅጂውንም ለብቻው አሰማሁት። ከፋብሪካ የተቀነሰው ሰው እጁን ከኪሱ ሳያወጣ አዳመጠና «እኔ ነኝ» አለ። 

የመጨረሻው ቅጂ የማንም ልክ አልነበረም።

«ኢንተላ ኮ፣ ስም ለምን አይናገሩም ብለሽ ትጮሂብኛለሽ። ስም ከያዝሽ ሰውየውን ሳታዪው ትቆርጫለሽ። ጥሪያቸው፤ አንድ በአንድ እዪያቸው።»

ኦቦ፣ አየኋቸው። ሠላሳውም በዓሉን በልካቸው ለብሰው ይውላሉ። እርስዎን ግን አላየሁም። እየከሱ ኮትዎ በየሳምንቱ ሲሰፋዎት፣ አጠገብዎ ተቀምጬ ስለ ስልክ እጨቀጭቅዎ ነበር። ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ። ደህና ይሁኑ።