የመመለሻው በርሜል

ሙጫ ሁሉ አንድ አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው ነበር ያገባሁት። እሱን ልወቅስ ብዬ አይደለም፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ቆይቶ ይታያል።

እኔ መተማ ተወልጄ፣ ከእናቴ ጋር ቆላውን እየዞርኩ ሙጫ ስለቅም ያደግሁ ነኝ። ባሌ ደገኛ ነው፣ የወገራ ሰው። ጣሊያን አገሩን ከያዘ በኋላ የአንድ ሐጂ ጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ ወደ እኛ ወረደ። ሐጂው ድንበሩ አጠገብ ሱቅ ነበራቸው፤ ጥጥና ሙጫ ወደ ጎንደር ይልካሉ፣ ከዚያ በርበሬና ቅቤ ያስመጣሉ። ባሌን በሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ጓዳ ስንገባ አንተ ነው። አንዳንዴ እረሳና ገበያ መሀል አንተ ስለው ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ። እሱ ግን ደስ ይለው ነበር።

ችግራችን ቤንዚን ነው። መኪና የሚሄደው በበጋ ቢሆንም፣ መንገድ ተብሎ የተጠረገው ደርቆ የተሰነጠቀ ዋልካ ነው። መኪናዋ እያቃሰተች ስትሄድ ቤንዚኑን ትጠጣዋለች፤ ጎንደር ስትደርስ በመያዣዋ ውስጥ ጠብ የሚል የለም። እዚያ ደግሞ ያለ ጣሊያን ወታደሮች ወረቀት ቤንዚን አይሸጥም። ወረቀቱን ሲጠብቅ ስድስት ቀንም ስምንት ቀንም ይሰነብታል። እኛ ጋ ከሱዳን በኩል የሚገባ ቤንዚን እንደ ልብ ነበር። በቆርቆሮ ጭኖ ሞከረው፤ ቆርቆሮው በመንገዱ ተንገጫግጮ እያፈሰሰ የሐጂውን ጥጥ አበላሸ። ያን ሁሉ ቀን እኔ ደጃፍ ተቀምጬ መንገድ መንገዱን እያየሁ የሞተር ድምፅ አዳምጣለሁ። የሹፌር ሚስት ከሌላ ሴት ቀድማ የምታረጀው በጆሮዋ ነው እል ነበር።

አንድ ቀን ባዶ በርሜል እያንከባለለ መጣ። ከመኪናዋ ሆድ ሥር ሁለተኛ መያዣ ሊያስር ነው። በርሜሉ እንዳለ አልገባ ስላለው፣ ድንበሩን ተሻግሮ ገላባት ወስዶ ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ አስቆርጦ አሳጠረውና ክዳኑን መልሶ አስበየደው። በርጥብ የበሬ ጠፍር ጠፍንጎ አሰረው፤ ጠፍሩ ሲደርቅ ጭምቅ አድርጎ ያዘው። ከበርሜሉ ወደ ሞተሩ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ዘረጋ፤ ቱቦው ላይ የነሐስ መክፈቻ አለ። እጀታው ከቱቦው ጋር ሲጋደም ክፍት ነው፣ ቱቦውን ሲያቋርጥ ዝግ። ሦስቴ አሳየኝ፤ ሞኝ የሚያስተምር ይመስል።

«ይህ የመመለሻ ነው» አለኝ። «የመኪናዋን አፍንጫ ወደ አንቺ ሳላዞር አልነካውም። ሰማይ ቢደፋ በመሄጃ አልከፍተውም።»

እንዲህ የተባለች ሴት ምን ትሆናለች? እሱ እጁን ሊታጠብ ሲገባ በርሜሉን በመዳፌ ደባበስኩት።

ብየዳው ግን ገና ለሙከራ ከሰፈር ሳይወጣ ተሰነጠቀ። ባሌ እኔን መጠየቅ ትቶ የእጣን ሙጫ አቅልጦ ደፈነበት። ለደገኛ ሙጫ ያው ሙጫ ነው። የእጣን ሙጫ ደግሞ ቤንዚን ሲነካው ይለሰልሳል፣ ኋላም ይሟሟል። ጎንደር ደርሶ ሲመለስ የመመለሻውን ከፈተ፤ ገንዳ ውሃ ከሚባለው መንደር ሲደርስ ቱቦው በሙጫ ተደፍኖ መኪናዋ ቀጥ አለች። ያን መንገድ በፀሐይ በእግሩ መጣ። ላቡ ደርቆ ፊቱ ላይ ጨው ሠርቶ ሳየው፣ መጀመሪያ ውሃ ሰጠሁት፤ ከዚያ ሳቄ መጣ። ሙጫ ለቃሚ አግብቶ በሙጫ የሚሳሳት ሰው ዛሬ አየሁ አልኩት። ተቆጣ፣ ጀርባውን ሰጠኝ። ትንሽ ቆይቶ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ለካ እሱም እየሳቀ ነው።

ከዚያ መኪናዋ ተጎትታ መጣች፤ በርሜሉ ወርዶ ታጠበ፤ ሥራውም የእኔ ሆነ። የግራር ሙጫ ውሃ ውስጥ አሳድሬ፣ ሲለሰልስ በተነፋ አመድ ለወስኩት። ቤንዚን የግራርን ሙጫ ምንም አያደርገውም። ጠላቱ ውሃ ነው፤ ዝናብ ያገኘው እንደሆነ ታጥቦ ይሄዳል። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ በላዩ ሞራ መቀባት አለበት። በርሜሉ ተመልሶ ከታሰረ በኋላ ሁለታችን መኪናዋ ሥር በጀርባችን ተንጋለን፣ እኔ ስለጥፍ እሱ ጎድጓዳውን ይዞልኝ ሦስት ቀን ሠራን። እጄ ሙጫ ስለሆነ የግንባሬን ላብ የሚጠርግልኝ እሱ ነበር። እርጅና ብዙ ነገር አስረስቶኛል፤ ያን እጅ ግን አላስረሳኝም። አሁንም ይናፍቀኛል፤ ምን እደብቃለሁ።

ያ በጋ የእኔ በጋ ነበር። ሐጂው ጭነት ባዘዙ ቁጥር ባሌ ይሄዳል፣ ያራግፋል፣ ይዞራል፤ በአራተኛው ቀን ቤቱ ነው። ሙጫው አንዲት ጠብታ አላሳለፈም። ሴቶቹ ባልሽ ጎንደር ይሄዳል ወይስ ጥግ ላይ ተደብቆ ይመለሳል እያሉ ቀለዱብኝ። ይቀልዱ፣ ምን ቸገረኝ።

ግንቦት ሲያልቅ በሱዳን በኩል ደመና መጠራቀም ጀመረ። ባሌ ሞራውን ቀቢልኝና አንድ የመጨረሻ ጭነት አድርሼ ልመለስ፣ ከዚያ ክረምቱን ቤቴ ነኝ አለ። ሞራው ሳይቀባ እንደማይነሳ አውቃለሁ። ያን ሰሞን ደግሞ ጦርነት ይነሳል የሚል ወሬ ነበር፤ ሆዴ ፈራ። ሞራ አልቋል፣ ቅዳሜ ከገበያ እገዛለሁ አልኩት። ሞራው ከአልጋው ሥር በገንቦ ሙሉ ነበር። ሁለት ቀን ከእኔ ጋር ቢውል ብዬ ነው። ሌላ ምንም ክፋት አልነበረኝም።

እነዚያን ሁለት ቀኖች ጣሪያ ሲከድን፣ ከእኔ ጋር ሲጨቃጨቅ፣ ሲተኛ ዋለ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበያው ገና ሳይቆም፣ ወታደሮች መጥተው መኪናዋን ከነሹፌሯ ወሰዱ። ጥይት ወደ ደጋው ሊያመላልሱ ነው አሉ። ሐጂው ቢለምኑም ማን ሰማቸው። እኔ ቤት ሮጬ ገንቦውን ከአልጋው ሥር ጎትቼ ይዤ ወጣሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼ ነው። መኪናዋ ተነሥታለች። ባሌ በመስኮቱ ገንቦውን አየ፤ እስከ አፉ የሞላውን ሞራ አየ፤ ገባው። ይቆጣል ስል ፈገግ አለ።

«ግድ የለሽም» አለኝ፣ «የመመለሻው ሙሉ ነው።»

በዚያው ሳምንት ዝናቡ ወረደ፤ ቆየት ብሎ መድፉ ተከተለ። መተማ ሰው አልቀረባትም። እኔና እናቴ ወደ ግራሩ በረሃ ሸሸን። እሱ ተማረከ ያለኝ አለ፣ ጫካ ገብቶ ከአርበኞች ተቀላቀለ ያለኝም አለ፤ አየሁት ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም።

ጣሊያን ከመተማ ከወጣ በኋላ፣ ክረምቱን በተከተለው በጋ፣ አንዲት ሙጫ ለቃሚ ነጋዴ ባሕር ከሚባለው ቦታ በታች አንድ መኪና ቆሞ አየሁ፣ ከሥሩ በጠፍር የታሰረ በርሜል አለው አለችኝ። ስንቄን ይዤ በእግሬ ሄድኩ።

እሷ ናት። ጎማዋን ወስደዋል፣ መቀመጫውንም ወስደዋል፤ ዋልካው ክረምት ውጧት ኖሮ ደርቆ እስከ ወገቧ ይዟታል። ደም የለ፣ ልብስ የለ። አፍንጫዋ ወደ መተማ ነው። በሆዴ ተስቤ ከሥሯ ገባሁ። ከለጠፍኩት ሙጫ ፍንካች አልቀረም፤ ዝናቡ አጥቦ ወስዶታል፣ ስንጥቁ ጣት ያሳልፋል። በርሜሉን መታሁት፤ ባዶ ነው። ከዚያ መክፈቻውን አየሁ። እጀታው ከቱቦው ጋር ተጋድሟል።

ከፍቶት ነበር። ዞሮ፣ ወደ እኔ ዞሮ፣ የመመለሻውን ከፍቶት ነበር።

እዚያው ተንጋልዬ አለቀስኩ። ክፍት ነገር ትቶ መሄድ አይሆንልኝምና፣ ስወጣ እጀታውን አቋርጬ ዘጋሁት። ትንሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ እግሬ እንቢ አለኝ። ተመልሼ በሆዴ ተስቤ ገባሁና እንዳገኘሁት አድርጌ ከፈትኩት። እሱ ወደ ቤቱ ሲመጣ የከፈተውን እኔ ምን ብዬ እዘጋዋለሁ።