ጓደኛዬ ያሰረችው ቀይ ጨርቅ

ዛፍ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮ ካየሁ፣ አሁንም መጀመሪያ ዘወር ብዬ የሚያየኝ ሰው መኖሩን ነው የማጣራው። የጦርነቱ ጊዜ ያስለመደኝ ነው፤ ምን ላድርግ!

ያኔ እኔና ጓደኛዬ መርሳ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። የባዮሎጂ መምህራችን በጎ ፈቃደኞችን ሰብስቦ፣ ከከተማው በላይ ባለው ጫካ ምን ዛፍ፣ ምን ወፍ፣ ምን አውሬ እንዳለ ያስመዘግበን ነበር። የመዘገብነውን ዛፍ እንዳንደግመው ቀይ ጨርቅ እናስርበታለን። ዝናብ ሲያባራ ጫካው እርጥብ አፈርና የቀጋ አበባ ይሸታል። ቆቆች ከቁጥቋጦው ውስጥ ብርር ሲሉ እኔና ጓደኛዬ ደንግጠን እንተቃቀፍና እንስቃለን።

ጦርነቱ ወደ ወልድያ ሲጠጋ ሳቁ ቀረ። "ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር" የማይል ሰው አልነበረም። እናቴ ሐራ ገበያ ይዛኝ በሄደችበት ቀን፣ ሚሊሻዎች ጓደኛዬንና መምህራችንን ከጫካው ይዘው አወረዷቸው። ጨርቁ ለመድፍ ምልክት ነው ተባለ። በማግስቱ በስንት ሽማግሌ ዋስትና ተለቀቁ።

ልጠይቃት ብሄድ ከበር መለሰችኝ። አጎቴ ሚሊሻ ነበር።

"ለአጎትሽ ምን ብለሽ ነው የነገርሽው?"

"እናቴ ትሙት! እኔ ምን ብዬ?"

"ታዲያ እንዴት የዚያን ቀን ብቻ ቀረሽ?"

ገበያ ሄጄ ነው ብላት አላመነችኝም። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ስታየኝ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች።

በሳምንቱ የጫካው ጠባቂ፣ ሽማግሌው ሼህ፣ አስቆሙኝ።

"አፉ በይኝ ልጄ። ወላሂ፣ የጠቆምኩት እኔ ነኝ። ጨርቁን ሳይ ልቤ ክፉ አሰበ።"

"ምነው አባቴ! እኛን አያውቁንም?"

"በዚህ ጊዜ ማን ማንን ያውቃል?"

"እንግዲያው ይኼንኑ ለእሷ ይንገሩልኝ" ብዬ እጃቸውን እየጎተትኩ ቤቷ ወሰድኳቸው። በሩ ተቆልፏል። ጠዋት ወደ ደሴ ሸሹ አለችን ጎረቤታቸው። ያኔ ስልክ ተቋርጦ ነበር። ኔትወርክ ከተመለሰ በኋላም የአባቷ ቁጥር ሠርቶ አያውቅም።

ጦርነቱ ሲያልፍ ጫካው ለማገዶ ተጨፍጭፎ ተመናምኗል። እሷ ጨርቅ ያሰረችበት ዋንዛ ግን ቆሟል። ጨርቁ ፀሐይ ሲበላው ሼሁ ሌላ ቀይ ጨርቅ ፈልገው ያስሩበት ነበር። "ስትመጣ እዚሁ አቁሜ ራሴ እነግራታለሁ" ይሉኛል።

አምና ሞቱ፤ ነፍሳቸውን ይማር። አሁን ጨርቁን የማስረው እኔ ነኝ። ብትመጣስ ማን ይመሰክርልኛል?